ቤት በዝናብ ይታያል፦ ከጋሼ ጋር በደቡብ ፈረንሳይ ቤት ፍለጋ

ጋሼ ሊዮን ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት ኖረዋል። ሠላሳ አራቱንም ዓመት «ጡረታ ስወጣ አገሬ ገብቼ ቤት እሠራለሁ» ሲሉ ነው የማውቃቸው። ባለፈው ክረምት ደውለው «ቤት ልገዛ ነው፤ ና አብረን እንየው» ሲሉኝ ታዲያ «ሲኤምሲ ነው አያት?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ላንግዶክ» አሉኝ።

የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ከወጡ ገና አንድ ዓመታቸው ነው። ከአሥር ዓመት በፊት አዲስ አበባ ላይ ለአንድ ቤት አልሚ ቅድሚያ ክፍያ ከፍለው ነበር። እስካሁን ያዩት ጉድጓዱን ብቻ ነው። ራሳቸው ማንሳት ስለማይወዱት እኔም አልዘበዝበውም። ብቻ ከዚያ ወዲህ ማህተም ያለበት ወረቀት ሲያዩ መነጽራቸውን ሁለት ጊዜ ይጠርጋሉ።

ላንግዶክ ከሮን ወንዝ ማዶ ጀምሮ ወደ ስፔን የሚወርደው የሜዲትራኒያን ዳርቻ ነው። ኒስና ካን ያሉበት የሀብታም ባሕር ሌላ ነው። እዚህ ባሕርም አለ፣ ወይንም አለ፣ ዋጋው ግን የጡረተኛ ነው ይላሉ ጋሼ። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ሊዮን ገባሁ። በማግስቱ ሦስታችን፣ ጋሼ፣ ባለቤታቸው እትዬና እኔ፣ በአሮጌዋ መኪናቸው ወጣን። እትዬ የጽጌን ጾም ይዘዋል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የጉዞው ምግብ ነገር ሁሉ በዚህ ስለሚወሰን ነው።

ማክሰኞ፦ ወደ ደቡብ

ከሊዮን የሚወርደው አውራ ጎዳና «የፀሐይ መንገድ» ይባላል። ሮንን ይዞ ኦራንዥ ድረስ ይወርድና ከዚያ ሌላው መንገድ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ስፔን አቅጣጫ ይወስዳል። ፍጥነቱ 130 ነው፤ ሲዘንብ 110። ቤዚዬ አካባቢ እስክንወጣ ለመንገዱ ብቻ ሠላሳ ዩሮ ገደማ ከፈልን። የአዳማን ፈጣን መንገድ ክፍያ ሳማርር የኖርኩ ሰው አፌን ያዝኩ።

ሞንቴሊማር ላይ ለቡና ቆምን። ከተማዋ ኑጋ በሚባል ጣፋጭ ትታወቃለች። ማር፣ ስኳርና የተቆላ አልሞንድ ነው ብለው ጋሼ ለእትዬ አንድ እሽግ ገዙ። እትዬ ጀርባውን አነበቡ። «የእንቁላል ነጭ» ይላል። እሽጉ ሳይከፈት ወደ እኔ ቦርሳ ገባ።

የመኪናውን በር ስከፍት ሚስትራል የሚሉት ነፋስ ኮፍያዬን ወሰደው። ቀልድ አይደለም፤ ከነዳጅ ማደያው አጥር ማዶ ሲሄድ አየሁት። ጋሼ «እንኳን ደህና መጣህ ማለቱ ነው» አሉ።

የቀኑ ጥፋት ግን ምሳ ነበር። ከአውራ ጎዳናው ወጥተን አንዲት መንደር ያለች ምግብ ቤት የደረስነው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። አስተናጋጁ ሰዓቱን ጠቆመን። ማዕድ ቤቱ ስምንት ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ አለቀ። ሰው ተቀምጦ እየበላ ነው፣ ድስቱ ይሸታል፣ ለእኛ ግን የለም። እኛ አገር እንዲህ የሚባል ነገር የለም፤ ቢያንስ ሽሮ አይጠፋም። ሙዝና ዳቦ ይዘን ጉዟችንን ቀጠልን።

ማረፊያችን ፔዝናስ ነበር። ለሳምንት የተከራየናት ሁለት ክፍል 420 ዩሮ ነው፤ ሐምሌ ላይ ቢሆን እጥፍ ነው ተባልን። አከራያችን በሰማንያዎቹ ያሉ ሴት ናቸው። ቁልፍ ሰጥተውን ሊሄዱ ሲሉ ተመልሰው የበለስ ማርማላታ አመጡ። እትዬ ከጠዋት ጀምሮ ያለ ሐሳብ የበሉት የመጀመሪያው ነገር እሱ ነበር።

ረቡዕ፦ ሴት

ወደብ ከተማዋ «ሴት» ነው የምትባለው። «ነገ ሴት ልናይ ነው» ያሉት ጋሼ ናቸው፤ እትዬ ከሠላሳ ዓመት በላይ የለመዱት ቀልድ ስለሆነ አልሳቁም። ነገሩ ግን ይብሳል። እስከ 1920ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የከተማዋ ስም ይጻፍ የነበረው በፈረንሳይኛ «ይህች» ማለት በሆነው ቃል ነበር። እኔ ለብቻዬ ሳቅኩ።

ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1666 ነው፤ የሚዲ ቦይ ከቱሉዝ መጥቶ ባሕር የሚገባበት ወደብ እንድትሆን። መሀሏን ቦዮች ይቆራርጧታል፣ ጀልባው ከቤቱ ደጃፍ ይታሰራል። ረቡዕ የገበያዋ ቀን ነው። ቲዬል የሚሏት ክብ ቂጣ አለች፦ ውስጧ ኦክቶፐስና ቅመም የበዛበት የቲማቲም ስልስ። ከጣሊያን፣ ከጋኤታ የመጡ ዓሣ አጥማጆች ናቸው ያመጧት። አንዷ አራት ዩሮ ተኩል። ቁጣዋ በርበሬ ላይ ላደገ ሰው ለስላሳ ነው፣ ግን ሁለት በላሁ። እትዬ ወይራና ዳቦ ይዘው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ረቡዕ ላይ ኦክቶፐስ የሚያኝኩትን ጋሼን አንዴ ብቻ አዩአቸው። ጋሼ ሁለተኛውን ለእኔ ሰጡኝ።

ያየነው አፓርታማ 52 ካሬ ነው፣ አራተኛ ፎቅ፣ 219 ሺህ ዩሮ። ሊፍት የለም። ማስታወቂያው «የባሕር እይታ» ይላል። እይታው እውነት ነው፤ ማዕድ ቤት ገብተህ፣ በመስኮቱ ወደ ግራ አንገትህን ካወጣህ፣ በሁለት ሕንፃ መሀል አንድ ክንድ የሚያህል ሰማያዊ ይታያል። እትዬ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆመው ጉልበታቸውን ይዘው ስለነበር እሱንም አላዩትም።

ጋሼ የሕንፃውን የጋራ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ጠየቁ። ይህን ሊዮን ውስጥ ጓደኞቻቸው መክረዋቸው ነው። ሦስት ዓመት ወደ ኋላ ማንበብ ነው፣ እዚያ ውስጥ ሁሉም ነገር አለ። ተገኘም፦ የፊት ለፊቱ ግድግዳ እንዲታደስ ሊመከርበት ነው፣ ወጪው በየቤቱ ይካፈላል። ደላላዋ ይህን አላነሳችም ነበር። ዋሸች አልልም፤ ሳይጠየቅ የማይነገር ነገር እዚህም አለ ማለቴ ነው።

ሐሙስ፦ ኦይስተር እና የሞት ውርርድ

ከሴት ጀርባ ቶ የሚባል የጨው ሐይቅ አለ። ከባሕሩ የሚለየው ቀጭን የአሸዋ ምላስ ነው። ሐይቁ ላይ በረድፍ የቆሙ የእንጨትና የብረት መደዳዎች ይታያሉ፤ ከሩቅ ሲታይ ያልተጨረሰ የኮንዶሚኒየም መወጣጫ እንጨት ይመስላል። ኦይስተር የሚባለውን ቅርፊት ያለው የባሕር እንስሳ የሚያረቡበት ነው። ሜዲትራኒያን ውሃው ከፍና ዝቅ ስለማይል፣ እንደ አትላንቲክ ዳርቻ መሬት ላይ ትተውት ውሃው እስኪሸሽ አይጠብቁም። ቡዚግ መንደር ላይ አንድ አርቢ አሳየን። ሕፃኑን ኦይስተር አንድ በአንድ በሲሚንቶ ገመድ ላይ ይለጥፉና ውሃ ውስጥ ያንጠለጥሉታል። በእጅ፣ አንድ በአንድ! ሥራውን ካየሁ በኋላ ደርዘኑ አሥር ዩሮ መሆኑ ርካሽ መሰለኝ።

አንዱን ዋጥኩ። የጨው ውሃ እንደመጠጣት ነው፣ ከዚያ ትንሽ ብረት ብረት ይላል። ከሐይቁ በላይ ባለው ሜዳ የሚበቅለው ፒክፑል የሚባል ነጭ ወይን ደግሞ አፍን ያጥባል። «ፒክፑል» ማለት «ከንፈር የሚቆነጥጥ» ማለት ነው ይላሉ የአገሩ ሰዎች፤ ይቆነጥጣል። እትዬ መኪናው ውስጥ ቆሎ ነበራቸው።

ከሰዓት ማርሴያን ገባን። ትንሽ ወደብ፣ በጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሠሩ ቤቶች፣ ተሰልፈው የቆሙ ጀልባዎች። ጋሼ ዝም አሉ። ዝም ሲሉ ወደዱት ማለት ነው። ደላላው መስኮት ላይ ከተለጠፉት ማስታወቂያዎች አንዱ ግን ዋጋው ግራ ገባን። ወደቡ አጠገብ፣ ሦስት መኝታ፣ ግቢ ያለው፦ 60 ሺህ ዩሮ። ከሥሩ «በወር 650» ይላል፣ ከዚያ «ሴት፣ 79 ዓመት»።

እትዬ «ሠራተኛ ናት?» አሉ።

አይደለችም። ሻጯ ናት። ቪያዤ የሚባለው የሽያጭ ዓይነት ነው። ገዢው መጀመሪያ አንድ ጠቀም ያለ ገንዘብ ይከፍላል፣ ከዚያ ባለቤቲቱ በሕይወት እስካለች ድረስ በየወሩ ይከፍላታል። እሷ ቤቷ ውስጥ ትኖራለች። ስትሞት ቤቱ የገዢው ይሆናል። በሁለተኛ ዓመቷ ብትሞት ገዢው በርካሽ አገኘ። ሃያ ዓመት ብትኖር ደግሞ እንግዲህ ከፋዩ ይቻለው።

ደላላው የአርል ከተማውን ታሪክ የነገረን ያኔ ነው፤ ይህ አካባቢ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዣን ካልማን የሚባሉ አሮጊት በ1965 ዘጠና ዓመታቸው ነበር። አንድ የአርል ኖቴር (የቤት ሽያጭ ውል የሚያጸድቅ የሕግ ሰው ነው) አፓርታማቸውን በቪያዤ ገዛ፤ በወር 2,500 ፍራንክ። ሰውየው አርባ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ሒሳቡ የሚያስቸግር አልመሰለውም። ሠላሳ ዓመት ከፈለ። በ1995 በሰባ ሰባት ዓመቱ ሞተ፣ ቤቱ ውስጥ አንድ ቀን ሳያድር። ቤተሰቡ መክፈሉን ቀጠለ። ካልማን ያረፉት በ1997፣ በ122 ዓመታቸው ነው፤ ዕድሜያቸው በሰነድ ከተረጋገጠ ሰዎች ሁሉ እስካሁን የሳቸውን ያህል የኖረ የለም።

ጋሼ እስኪያነባቸው ሳቁ። እትዬ አልሳቁም። «የሰው ሞት ተቀምጦ ሲጠበቅለት!» አሉ። ትንሽ ቆይተው «ልጅ የላትም ማለት ነው?» ብለው የማስታወቂያዋን ሴትዮ ጠየቁ። ደላላው አላወቀም። ወደ መኪናው ስንመለስ እትዬ ወደ ኋላ ዞረው የወደቡን ቤቶች ያዩ ነበር፤ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ይመስለኛል።

ዓርብ፦ የወይኑ አገር

ከባሕሩ ስትርቅ ዋጋው ይወርዳል፣ መሬቱ ይወጣል። ከፔዝናስ ወደ ሰሜን ሃያ ደቂቃ ስትነዳ ፎዤር የሚባለው የወይን ቀበሌ ይጀምራል። አፈሩ ጠፍጣፋ ጠፍጣፋ እየሆነ የሚሰነጠቅ ድንጋይ ነው፤ ሺስት ይሉታል። ሥሩ በስንጥቁ እየገባ ነው ውሃ የሚፈልገው። ጥቅምት ላይ ወይኑ ተለቅሞ አልቋል፤ ቅጠሉ ግን ገና አልረገፈም፣ ኮረብታው ሁሉ የበርበሬና የእርድ ቀለም ነው። አሁን እንኳ ስጽፈው ዓይኔ ላይ ነው።

ጠዋት በወንዝ ዳር አንድ ቤት አየን። 128 ሺህ ዩሮ፣ ሰፊ ግቢ፣ የድንጋይ ድልድይ ፊት ለፊት። ምድር ቤት መኝታ ስላለው እትዬ ወደዱት። ውሃው ከቤቱ በታች እንደ ክር ነው የሚሄደው። ጋሼ «እንመለሳለን» ብለው ወጡ።

ቀጥሎ ያለው መንደር ላይ ቤቱን የሚያሳየን ደላላ አልነበረም። ባለቤቱ ራሱ ነው፣ ወይን ገበሬ፣ የሞቱ አክስቱን ቤት ነው የሚሸጠው። መንገዱ ከመጥበቡ የተነሳ ጋሼ የቀኝ መስታወታቸውን ከአንድ የጎረቤት ግድግዳ ጋር አጋጩት። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዱ ሰው! ጎረቤትየው ወጣ። ግድግዳውን አየ፣ መስታወቱን አየ፣ ግድግዳው ላይ የቆዩ ሌሎች ጭረቶችን በጣቱ አሳየንና ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ቤቱ የወይን ገበሬ ቤት ነው፤ እዚህ አገር በየመንደሩ አንድ ዓይነት አሠራር አለው። ታች ጋሪና በርሜል የሚያስገባ ትልቅ ቅስት በር። ምድር ቤቱ ሁሉ የወይን መጥመቂያ ነው። ሰው የሚኖረው ላይ፣ አንደኛ ፎቅ ነው። ከዚያ በላይ ድርቆሽ የሚቀመጥበት ቆጥ። ባለቤቱ በሩን ሲገፋው ያረጀ የወይን ሽታ መጣ፣ ቀዝቃዛ። በጨለማው ውስጥ ግድግዳ የሚያህሉ ሁለት የሲሚንቶ ማጠራቀሚያዎች ቆመዋል።

«ጋን ነው እንዴ?» አሉ እትዬ።

ጋሼ በጉልበታቸው ተንበርክከው ባትሪ እያበሩ ወደ ውስጥ አዩ። «እያንዳንዱ አምስት ሺህ ሊትር ነው» አለ ሰውየው። ጋሼ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ «ስንት ማኅበር ያጠጣል በለኝ!» አሉ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ጠጅ በጀሪካን የጣሉ ሰው ናቸው።

ዋጋው 146 ሺህ ነው። 110 ካሬ፣ ምድር ቤቱ ሳይቆጠር። ጓሮ ውስጥ አንድ የበለስ ዛፍ። መኝታ ቤቱ መስኮት ወደ ወይኑ ኮረብታ ይከፈታል። ጋሼ እዚያ መስኮት ላይ ሲቆሙ «ይህ እይታ አይሸጥም» አልኩ፣ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ።

ሰውየው ሰማኝና ከት ብሎ ሳቀ። ማዕድ ቤት አስቀምጦን ወይን ቀዳልንና ነገረን። ከኮረብታው ግማሹ የጎረቤቱ ነው፣ ጎረቤቱ ወይኑን ሊነቅለው ተመዝግቧል። ፈረንሳይ ቀይ ወይን የሚጠጣ ሰው ቀንሶባታል። መንግሥት ወይኑን ነቅሎ ዳግም ላይተክል ለሚፈርም ገበሬ በሄክታር 4 ሺህ ዩሮ ይሰጣል። ድርቁም አለ። በ2019 ሰኔ በዚሁ በኤሮ ክፍለ ሀገር 46 ዲግሪ ተለክቷል፤ ያን ቀን ቅጠሉ በንፋስ ማድረቂያ የተመታ ይመስል ተለብልቦ ነበር። በ2025 በፈረንጆቹ ኦገስት ደግሞ ጎረቤት ክፍለ ሀገር ኦድ ላይ በተነሳ እሳት ከ16 ሺህ ሄክታር በላይ ነደደ። ወይኑ በለማበት ቦታ እሳቱ ይዘገያል፤ ተነቅሎ ቁጥቋጦ ሲበቅልበት መንገድ ያገኛል። «እይታ እኮ ሠራተኛ አለው» አለን። «ሠራተኛው ሲሄድ እይታውም ይሄዳል።»

ብሶቱ አዲስ እንዳልሆነም ነገረን። በ1907 የወይን ዋጋ ወድቆ ይህ አገር በሙሉ አደባባይ ወጥቶ ነበር፣ የቅድመ አያቱ ወንድም ሞንፔሊዬ ድረስ በባቡር ሄዷል። ናርቦን ላይ ወታደር ተኩሶ ሰው ገደለ። አንድ ክፍለ ጦር ደግሞ «በወገኖቻችን ላይ አንተኩስም» ብሎ አመፀ፤ ልጆቹ የዚሁ የቤዚዬ ሰፈር ልጆች ነበሩ።

እኔም ዝዋይ ላይ ወይን እንዳለን ነገርኩት። አላመነም። የቦርዶው የካስቴል ኩባንያ እንደተከለው፣ ከ2014 ጀምሮ ጠርሙሱ ገበያ ላይ እንዳለ፣ ከዝርያዎቹ አንዱ እሱ ራሱ የሚያለማው ሲራ እንደሆነ ነገርኩት። ጉማሬ እንዳይገባ ዙሪያው ቦይ ተቆፍሯል ስለው ግን ብርጭቆውን አስቀመጠ። እሱን የሚያስቸግረው የዱር አሳማ ነው። «ጉማሬ!» እያለ እስከ በሩ ሸኘን።

ችግሩ ደረጃው ነበር። ከቅስቱ በር እስከ ማዕድ ቤት አሥራ ዘጠኝ ደረጃ። እትዬ እየቆጠሩ ወጡ፣ እየቆጠሩ ወረዱ። መኪና ውስጥ ማንም አልተናገረም። ማታ ዝናቡ ጀመረ።

ቅዳሜ፦ ዝናብ

የእዚህ አገር የበልግ ዝናብ እንደ ሐምሌ ዝናባችን ተሰላችቶ የሚዘንብ አይደለም። ባሕሩ ገና ሞቃት ነው፣ እርጥቡ አየር ከሱ ተነስቶ ከኋላ ያሉትን የሴቬን ተራሮች ሲመታ በአንድ ቦታ ላይ ይገለበጣል። ሌሊቱን ሙሉ ጣሪያው ላይ ጠጠር የሚያራግፉ ነበር የመሰለኝ።

ቅዳሜ የፔዝናስ ገበያ ነው፣ ግማሹ ነጋዴ አልመጣም። የከተማዋን ትንሽ ፓይ ቀመስኩ። የክር ማጠንጠኛ ቅርጽ አላት፣ ውስጧ የበግ ሥጋ፣ ስኳርና የሎሚ ልጣጭ። ሥጋ በስኳር። አንድ ጊዜ ይበቃል።

ቁርስ ላይ ጋሼ ካፖርታቸውን ለብሰው ቁልፍ ይዘው ቆሙ። «ተነሱ። ቤት በዝናብ ይታያል። አባቴ ጎጃም በረንዳ ያለውን ቤት ሲገዛ ነሐሴን ጠብቆ ነው።»

የወንዝ ዳሩ ቤት ጋ ስንደርስ ክር የነበረው ወንዝ ቡናማ ሆኖ የድልድዩን ቅስት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ግቢው ገና አልተነካም። ጋሼ ግን ወንዙን አይደለም ያዩት፤ የጎተራውን ግድግዳ ነው። ከመሬት አንድ ሜትር ከፍታ ላይ፣ አዲሱ ቀለም ሥር፣ ውሃ ያስቀረው ቀጥ ያለ መስመር አለ። ዝናብ ሲያረጥበው ወጣ። ትናንት በፀሐይ አይታይም ነበር። ደላላው የሰጠንን የአደጋ መግለጫ መኪና ውስጥ ከፍተን አነበብን። በሕግ ግዴታ ነው፣ ትናንትም ተሰጥቶናል፣ እኛ ነን ፎቶውን ስናይ የዋልነው። ካርታው ላይ ግቢው ቀይ ቀጠና ውስጥ ነው።

ከዚያ ወደ ወይን ገበሬው መንደር ወጣን። ሰውየው በዝናብ በሩ ላይ ሲያየን አልገረመውም። ምድር ቤቱ ደረቅ ነው። ጋሼ የግድግዳውን ሥር በእጃቸው ዙሪያውን ዳሰሱት። ቆጡ ላይ አንድ ቦታ ያንጠባጥባል፣ ሰውየው ባልዲ አስቀምጦበታል፣ ባልዲውን ሊደብቅ አልሞከረም። ይህ ባልዲ ነው ጋሼን የገዛቸው ብዬ አምናለሁ።

እትዬ ደግሞ ከጋኖቹ አጠገብ ቆመው ነበር። «ከዚያኛው ጋን ወዲህ ግድግዳ ቢቆም፣» አሉ፣ «እዚህ መኝታ፣ እዚያ መታጠቢያ። መስኮት ወደ በለሱ። እኔ ታች እኖራለሁ፤ እሱ ይውጣ ይውረድ።»

እሑድ

እትዬ ቅዳሴውን በስልክ ሰሙ። ከሰዓት ቤዚዬ ሄደን ጀልባዎች በውሃ ደረጃ ኮረብታ ሲወጡ አየን፤ በአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው፣ ዛሬም ይሠራል። በሚዲ ቦይ ዳር ያሉት ዝነኛ ዛፎች ብዙዎቹ ተቆርጠዋል። ፈንገስ ገብቶባቸው ነው። ሁሉም ነገር ዝግ ስለነበር ምሳ የበላነው የእትዬን ምስር ነው። ከጉዞው ሁሉ የጣፈጠኝ እሱ ነው።

ሰኞ፦ ኖቴሩ ጋ

ጋሼ 132 ሺህ ብለው ጀመሩ። ምክንያታቸውን በወረቀት ይዘው ነበር። የኢነርጂ ደረጃው ከኤ እስከ ጂ ካሉት ኤፍ ነው፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ አሮጌ ነው፣ ጣሪያው ያንጠባጥባል። ቀለሙ ውስጥ እርሳስ አለ፤ ከ1949 በፊት የተሠራ ቤት ሁሉ ይመረመራል። ከሻጩ ጋር በ139 ሺህ ተጨባበጡ። አዲስ አበባ ቢሆን ደላላ ከሁለቱም ወገን ሁለት ሁለት በመቶ ይወስድ ነበር፤ እዚህ ደላላ ስላልነበረ ያ ቀረ። የኖቴር የሚባለው ወጪ ግን አይቀርም። ለአሮጌ ቤት ሰባት ስምንት በመቶ ነው፤ 11 ሺህ ገደማ። ጋሼ «ለአንድ ፊርማ!» ብለው ሊነሱ ነበር። ኖቴሯ አብዛኛው ታክስ እንደሆነና ለመንግሥት እንደሚሄድ ገለጸችላቸው። ታክስ ሲባሉ ተረጋጉ፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

አካሄዱ ቀስ ያለ ነው። መጀመሪያ ኮምፕሮሚ የሚባል ውል ይፈረማል፣ ከዋጋው እስከ አሥር በመቶ ይያዛል። ገንዘቡ ኖቴሯ ጋ ነው የሚቀመጠው እንጂ ለሻጩ አይሰጥም። ጋሼ ይህን ሁለት ጊዜ አስደገሟት። ከዚያ ገዢው አሥር ቀን አለው። በአሥሩ ቀን ውስጥ ያለ ምንም ምክንያት «ትቼዋለሁ» ማለት ይችላል፣ ገንዘቡ ይመለስለታል። ሻጩ ግን ይህ መብት የለውም። የመጨረሻው ፊርማ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ነው።

ጋሼ መነጽራቸውን ጠረጉ። «መሬቱስ?» አሉ።

ኖቴሯ አልገባትም። «ቤቱን ገዛሁ። ከሥሩ ያለው መሬት የማን ነው?»

«የእርስዎ ነዋ!» አለች። «ሕጉ የመሬት ባለቤት የላዩም የሥሩም ባለቤት ነው ይላል።» ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ፣ ልተረጉምላቸው ይመስል፤ ፈረንሳይኛ የማይገባው እኔ ነኝ እንጂ እሳቸው አይደሉም።

ከዚያ ነው እንቅፋቱ የመጣው። ባለትዳር ናችሁ? አዎ። የት ተጋባችሁ? አዲስ አበባ፣ በተክሊል። ንብረታችሁ የጋራ ነው የየግል? እትዬና ጋሼ ተያዩ። ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። ጋሼ የፈረንሳይ ዜግነት አልወሰዱም፤ «ልገባ ነው» ሲሉ ሠላሳ አራት ዓመት አለፈ። የጋብቻ ወረቀታቸው አንድ የደበዘዘ ፎቶ ኮፒ ነው። ኖቴሯ በትህትና መለሰችላቸው፤ ዋናው ያስፈልጋል፣ የታደሰ፣ በመሐላ ተርጓሚ የተተረጎመ።

ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ።

አዲስ አበባ

ውክልናው ከፓሪሱ ኤምባሲ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ፈጀ። የቤተ ክርስቲያኑን ደብዳቤ ለማግኘት ሦስት ቀን፣ አንዱ ቀን ጸሐፊው ለቅሶ ስለሄዱ። ጋሼ በየቀኑ ይደውላሉ። ስሜታቸው በሚደውሉበት ሰዓት ይታወቃል፤ ጠዋት የሚደውሉ ከሆነ ቤቱን ሊተዉት እያሰቡ ነው፣ ማታ ከሆነ ጋኑን ምን እንደሚያደርጉት እያሰቡ ነው። አንድ ማታ ጌሾ በመስኮት ድስት ይበቅል እንደሆነ ጠየቁኝ።

ወረዳው ወሳኝ ኩነት መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ወረቀቶቹን አገላበጠች።

«ለምን ጉዳይ ነው የሚፈለገው?»

«ቤት ሊገዙ ነው።»

«የት ሳይት?»

«ላንግዶክ።»

አሰበች። «አዲስ ነው?»

«አይ፣ ነባር ነው።»

«ካርታ አለው?»

«አለው።»

«እሱ ካለው ጥሩ ነው» አለችና ማህተሙን መታችው።